ቀዩን መድኃኒት ቀድማችሁ ለዋጣችሁ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዘነበወርቅና በአለርት ዙሪያ ለምትኖሩ፣ ከሥጋ ደዌ ለዳናችሁ እናቶቼና አባቶቼ፤ ዛሬ በሕይወት ለሌላችሁም፤

እህቴ ደህና ናት። ይህችን ቃል ሳልፈራ መጻፍ የቻልኩት በቅርቡ ስለሆነ ደብዳቤዬ ዘገየባችሁ።

አብዛኞቻችሁ አታውቁኝም። እኔና እህቴ ያደግነው ከአለርት አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ የታክሲ ረዳቶች «ዘነበወርቅ፣ አየር ጤና!» እያሉ በሚጣሩበት መንገድ ዳር ነው። ትምህርት ቤት ስንሄድ በየማለዳው በደጃችሁ እናልፍ ነበር። እጃችሁን እንዳንጨብጥ፣ ከቤታችሁ ውኃ እንዳንጠጣ ተነግሮን ነበርና አልጨበጥንም፤ አልጠጣንም። ለዚህ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ። ይቅርታ ያልቀደመው ምስጋና ለእናንተ አይገባም።

እህቴ ልጅ ሳለች ቶንሲል ይመላለስባት ነበር። በእኛ ቤት ቶንሲል ከበሽታ አይቆጠርም ነበር፤ ትኩስ ሻይ በሎሚ ትጠጣለች፣ አንገቷ በነጠላ ይጠቀለላል፣ ያልፋል። ሰውነት የጉሮሮውን ጀርም ሊዋጋ የሚያሰልፈው መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ዞሮ የገዛ ልባቸውን ቫልቭ እንደሚያጠቃ የሰማነው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ቫልቭ ማለት ደም ወደፊት አልፎ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋ የልብ በር ነው። የእሷ በር ጠነከረ፣ ተጣበቀ፣ በመጨረሻም በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ተተካላት። ከዚያ ወዲህ በጸጥታ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ከደረቷ ውስጥ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። እናታችን ያንን ድምፅ ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ማታ ማታ ያተኩሳት ጀመር። ሌሊቱን አንሶላዋ በላብ ይርሳል፤ ጠዋት ይተዋታል። ብርድ ነው አልን። እኔ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ሦስት ቀን አስዋጥኋት። ጥፋቴን የምነግራችሁ ሌላ ወንድም እንዳይደግመው ነው። ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ሲያተኩሰው፣ አንድም የፀረ ጀርም ክኒን ሳይውጥ ደሙ ተቀድቶ መመርመር አለበት። እንዲህ በግምት የተሰጠ መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድለው ከላብራቶሪ ዓይን ብቻ ሊሰውረው ይችላል።

ሆስፒታል ስንገባ እናታችን «ምነው፣ ቶሎ መድኃኒት ስጧት እንጂ!» ብላ ጮኸች። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፤ አልተቆጣችም። «እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ መጀመሪያ ደሟ ይቀዳ» አለቻት። ሦስት ጊዜ፣ ከተለያየ የእጇ ቦታ ተቀዳ። የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ስትነሳ በሰው ሠራሹ ቫልቭ ጠርዝ ላይ ከደሙ ፍሰት ጋር የምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ እብጠት ታየች። ጀርምና የረጋ ደም ተጋግረው የሠሯት ናት። ከእሷ ቁራጭ ተገንጥሎ ወደ አንጎል ቢሄድ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ሕመሙ ኢንዶካርዳይተስ ይባላል። ፔኒሲሊን ከመገኘቱ በፊት ከዚህ የሚተርፍ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ከአምስት ሕሙማን አንዱ ገደማ ከሆስፒታል ሳይወጣ ያርፋል።

በሦስተኛው ቀን የደም ምርመራው (የካልቸሩ) ውጤት መጣ። ጀርሙ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ ይታያል። ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ጀርም ሳህን ላይ ይዘሩትና መድኃኒት የተነከረ ክብ ወረቀት ያስቀምጡበታል። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ሳይበቅል ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል። ጀርሙ መድኃኒቱን ከተላመደው ግን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል። የእህቴ በቀለ። ሜቲሲሊን የሚባለውን መድኃኒትና የእሱን ዘመዶች ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚቋቋም ነበር። ይህ ዓይነቱ ጀርም እንግሊዝ አገር ውስጥ መገኘቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ መድኃኒቱ ለሕክምና ከዋለ ገና ሁለት ዓመት ያህሉ ነበር። እኔ በግምት የሰጠኋት አሞክሲሲሊን እንዲህ ላለው ጀርም ምኑም አልነበረም።

ሦስት መድኃኒት ታዘዘላት። ዋናው ቫንኮማይሲን ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ሚስዮናዊ ከቦርኒዮ ደሴት ጫካ ከላከው አፈር የተገኘ መድኃኒት ነው፤ በደም ሥር፣ በዝግታ፣ ከአንድ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ መንጠብጠብ አለበት፤ ከተቻኮለ ፊትንና አንገትን ያቀላል፣ ያሳክካል። በቀን ሁለቴ፣ ለስድስት ሳምንት፦ ሰማንያ አራት ጊዜ። ሁለተኛው ጄንታማይሲን ነው፤ ኩላሊትንና ጆሮን ስለሚጎዳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቆማል። ሦስተኛውን ግን ሐኪሞቹ በመጀመሪያው ቀን አልጀመሩላትም። «ደሟ ትንሽ ይጽዳ፣ ከዚያ እንጨምረዋለን» አሉን። ለምን እንደሚያዘገዩት ያኔ አልገባኝም፤ ክፉኛም ተናደድኩ። የሚያድን መድኃኒት ካለ ምን ያስጠብቃል?

ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስተኛው፣ ቀዩ ካፕሱል፣ ተጀመረ። በማግስቱ ጠዋት እህቴ ከመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ተደግፋ ወጣች። «ደም ሸናሁ» አለች። እንደ እሷ ያለ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተካለት ሰው ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን፣ ዕድሜ ልኩን ይወስዳልና የሁላችንም ትልቁ ፍርሃት መድማት ነበር። ሲስተሯ ናሙና ተቀብላ ወደ ላብራቶሪ ላከች። ውጤቱ እስኪመጣ ወንበሩ ላይ ተኮራምቼ እጠብቃለሁ።

በዚያ ሰዓት ነው ከእናንተ አንዷ፣ ጎረቤታችን እማማ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው የመጡት። ፔርሙዙን በሁለት መዳፋቸው መሃል አጣብቀው፣ ከጣቶቻቸው በቀረችው ታቅፈው። የሆነውን ስንነግራቸው ጎንበስ ብለው እህቴን አዩዋትና «ቀዩን ጀመሩልሽ እንዴ?» አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔም የመጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ። ደም መስሎኝ። መድኃኒቱ ነው ልጄ፤ አትደንግጪ፤ ሲወጣ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።» ላብራቶሪውም ደም እንዳልሆነ አረጋገጠ። ቀዩ ካፕሱል ሪፋምፒሲን ነው። ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካናማ ያደርጋል።

እማማ በሄዱበት ዕለት ማታ፣ በአስታማሚ ወንበር ላይ ሆኜ፣ እናንተን ማሰብ ጀመርኩ። በኋላም ስለእናንተ የተጻፈውን እየፈለግሁ አነበብኩ። ሠላሳ ምናምን ዓመት በደጃችሁ ያለፍኩ ሰው፣ እናንተ ማን እንደሆናችሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የሰፈራችን ሆስፒታል በ1920ዎቹ ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ሆኖ ተጀመረና በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ ወሰደ። በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ ስያሜው በ1873 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌን ጀርም ላገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ይህን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በጥቂቱም ቢሆን ሰምቶታል። እኔ ያልሰማሁት ቀጥሎ ያለውን ነው።

ከጎጃምና ከወሎ፣ ከጎንደርና ከሸዋ፣ ከደቡብም ሳይቀር፣ ቁስላችሁን በጨርቅ አስራችሁ ስትመጡ የሚሰጣችሁ መድኃኒት አንድ ነበር፦ ዳፕሶን። ርካሽ ክኒን ነው፤ ብዙ ሰው ፈውሷል። በሽታው ለጸናባችሁ ግን ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነበር። ብቻውን፣ አንዳንድ ጊዜም በትንሽ በትንሹ፣ እየተቋረጠም ተሰጠ። ጀርሙም ተላመደው። ለዓመታት የሰከነው ሕመም ፊት ላይና ጆሮ ላይ በአዲስ እባጭ ተመልሶ ብቅ አለ። በየትም አገር እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሽተኛው ነው፤ «ክኒኑን አልዋጠም» ይባላል። የዋጠ ሰው እንዳልዋጠ ሲቆጠር ምን እንደሚሰማው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩን ማረጋገጥም ቀላል አልነበረም። የሥጋ ደዌ ጀርም እስከ ዛሬ በላብራቶሪ ሳህን አይበቅልም። የእህቴ ጀርም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ይሆናል፤ የእናንተ ግን ለመራባት ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከቆዳችሁ ቁራጭ ተወስዶ፣ ጀርሙ ተለይቶ፣ በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ ይከተባል፤ አይጧ ከምግቧ ጋር ዳፕሶን ትመገባለች፤ ከዚያ ከግማሽ ዓመት በላይ ይጠበቃል። ጀርሙ ዳፕሶኑ እያለም ከተራባ ተላምዷል ማለት ነው። እኛ ለሦስት ቀን ውጤት ሐኪም ላይ ጮኸናል። እናንተ ቆዳችሁን ሰጥታችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ተመልሳችሁ፣ ክረምትና በጋ ጠበቃችሁ።

ፒርሰን፣ ኃይሌና ሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በእናንተ ላይ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1977 አሳተሙ፤ ዳፕሶን በአፋቸው ገብቶ በማያውቅ አዳዲስ ሕሙማን ላይ እንኳ የተላመደ ጀርም አገኙ። ትርጉሙ ከባድ ነው፤ የተላመደው ጀርም ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ ጀምሯል ማለት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ስላለው ዳፕሶንን የተላመደ ሥጋ ደዌ ሰፋ ያለ ጥናት ተከተለ። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ1981 እ.ኤ.አ. ተሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ሥጋ ደዌ በአንድ መድኃኒት ብቻ አይታከም ሲል ከሌሎች አገሮች ማስረጃ ጋር ከዘነበወርቅ የተገኘውም ፊቱ ነበር። ዳፕሶን፣ ክሎፋዚሚንና ሪፋምፒሲን አብረው ይሰጡ ተባለ። በዚያ ሕክምና በዓለም ላይ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሰው ታክሟል።

እማማ ይህን ሲተርኩልኝ ዓመተ ምሕረት አይጠሩም። «በወር አንድ ቀን ቀዩን ከነርሷ ፊት ቆመን እንውጣለን፤ እስክንውጠው ታየናለች፤ ሌላውን ቤት ይዘን እንሄዳለን» ይላሉ። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል። «ፊቴ ሲጠቁር ሰው ይበልጥ ሸሸኝ፤ ልተወው ነበር፤ ግን ቀኔን አላጎደልኩም» አሉኝ። ቀኔን አላጎደልኩም! ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ኩራት በጽሑፍ ላመጣላችሁ አልችልም።

አሁን ሐኪሞቹ ለምን እንዳዘገዩት ልንገራችሁ፤ እናንተ ፈጥናችሁ ትረዱታላችሁና። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሕይወት የለውም፤ ደም ሥርም የለውም። ጀርሞች ከላዩ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቁና የራሳቸውን ልባስ ይሠራሉ፤ ብዙ መድኃኒት እዚያ ልባስ ላይ ሲደርስ ይደክማል። ሪፋምፒሲን ግን ዘልቆ ይገባል። ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ከተሰጠ ቶሎ ይሸነፋል። ከብዙ ሚሊዮን ጀርሞች መካከል አንዱ፣ በዘሩ ላይ አንዲት ለውጥ ብቻ ከደረሰችበት፣ ቀዩን መድኃኒት ይላመደዋል፤ ሌሎቹ ሲሞቱ እሱ ብቻውን ይራባል። በደሟ ውስጥ ጀርሙ በብዛት ሲዋኝ ቢጀመርላት፣ ያ አንዱ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቫንኮማይሲን ቁጥሩን ይቀንሳል፤ ቀዩ ከዚያ በኋላ፣ ሁልጊዜም ከጓደኞቹ ጋር፣ ይገባል። የእናንተ በወር አንድ ጊዜ 600 ሚሊግራም ነበር፤ የእሷ 300 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ። መጠኑ ይለያይ እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የልብ ሐኪሞች ይህን ሕግ የተማሩት ከእናንተ ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንም ብዙ ከፍለውበታል። ማንም ሐኪም አልጋው ዳር ቆሞ «ይህን ያወቅነው ከዘነበወርቅ ነው» አላለኝም። እኔ ነኝ የምለው። አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲላክ ምን እንደሚሆን በዚህች አገር በሥጋቸው ካሳዩት መካከል የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ያም የሆነው እኛ ልጆች እጃችሁን እንዳንነካ በተነገረን ሰፈር ውስጥ ነው። ደግሞም ቀዩን መድኃኒት በየወሩ ሳታጎድሉ በመዋጣችሁ የሥጋ ደዌን ጀርም መላመድ አላስተማራችሁትም። መድኃኒቱን ሳይበላሽ አቆያችሁልን።

ሪፋምፒሲን ሌላም ጣጣ ነበረው። ጉበትን ሥራ ያበዛበትና ዋርፋሪንን ቶሎ ቶሎ እንዲያጠፋው ያደርጋል፤ ደሟ እየወፈረ ቫልቯ ላይ ሊረጋ ይችላል። የደም ማቅጠኛዋ መጠን ደጋግሞ ጨመረ፤ በየጥቂት ቀኑ አይኤንአር፣ የደም መርጋት መለኪያው፣ ተለካ። ቀዩ ሲቆም ደግሞ ጉበት ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ስለሚመለስ፣ ያ የጨመረው መጠን መልሶ እንዳያደማት ለሳምንታት ተጠበቀች። ኩላሊቷም በየጊዜው ታየ። ቫንኮማይሲን ከገበያ የጠፋበት ሁለት ቀን ነበር፤ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ስዞር ውዬ ማታ ብልቃጡን ብብቴ ሥር ይዤ ስገባ ሲስተሯ ሰዓቷን አይታ «ደረስክ» አለችኝ። የእጇ ደም ሥሮች አልቀው ካኑላ የሚገባበት ቦታ ሲጠፋ፣ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ይብቃኝ» ያለችበት ቀንም ነበር። አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ትኩሳቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ምግብ ትበላለች፤ የዳነች ይመስላታል። እማማ አልመከሯትም፤ አልገሠጿትምም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ስንት ቀረሽ?» አሏት። «አሥራ አንድ ቀን» አለች። «እኔ ስንት ወር ቀርቶኝ ነበር መሰለሽ፣ ልተወው ያልኩ ለት» አሉና የራሳቸውን መቁጠር ጀመሩ፤ በሌሏቸው ጣቶች ሳይሆን በመቁጠሪያቸው ፍሬ።

እህቴ ክንዷን ዘረጋች።

ሰማንያ አራተኛው ያለቀው ቅዳሜ ማታ ነው። ከዚያ በኋላ የተቀዳው ደም ምንም አላበቀለም፤ በኢኮው ላይ ትወዛወዝ የነበረችው እብጠትም ጠፍታለች። ቀጭ ቀጩ እንደ ድሮው ይሰማል። እናታችን ትተኛለች።

እንግዲህ አመሰግናችኋለሁ። ለሰጣችሁት ቆዳ። በአይጥ እግር ውስጥ ለተጠበቀው ግማሽ ዓመት። ዋጥን ስትሉ ያላመኗችሁን ሰዎች ሁሉ ስለታገሣችሁ። ለጠቆረው ፊታችሁ። በወር አንዲት ቀን፣ ዝናብ ሲጥልም፣ ቁስሉ ሲያምም፣ ሰው ሲሸሽም፣ ከነርሷ ፊት ስለቆማችሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ ይህን ሳይሰሙ በየመቃብሩ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን በደጉ ቦታ ያኑርልን።

በእኛ ቤት የፊታችን እሁድ ከቀትር በኋላ ቡና ይፈላል። የምታፈላው እህቴ ናት፤ እኔ ላድርገው ብላት እንቢ ብላለች። ቤቱን እማማ ያውቁታል፤ እየመሩ ያመጧችኋል። በር ላይ ቆሜ እጃችሁን ይዤ አስገባችኋለሁ። ውኃም ከእናንተ ቤት ልጠጣ፣ ባለፈው ሳምንት እማማ ጋ ገብቼ ነበር፤ ከማሰሮ ቀድተው ሰጡኝ።

አክባሪ ልጃችሁ፣
ከዘነበወርቅ